የምዕራፍና የቍጥር ምልክት፤ ከላስታ ብራና እስከ ማስታወሻ መሣሪያ

በላስታ አገር ንጉሥ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን፥ ይኸውም በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፥ በሮሐ ካህናት እጅ የነበረው መጽሐፍ ዛሬ የተለመደው የምዕራፍና የቍጥር ምልክት አልነበረበትም። በዚያው ዘመን በፓሪስ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው እስጢፋኖስ ላንግተን የላቲኑን መጽሐፍ በምዕራፍ ከፈለው። የአዲስ ኪዳንን ምዕራፍ ዛሬ በሚታወቀው ቍጥር ከፍሎ ያተመው ግን ሮቤር ኤስቲየን ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1551 ዓ.ም. ነበረ። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዙን አዲስ ኪዳን በሮም ሲያሳትሙ ይህ ቍጥር ገና አልወጣም ነበር።

እንዲህም ሲሆን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ያለ መሪ አልነበሩም። የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌላት በየክፍላቸው ቈጥሮ ዐሥር ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አራቱም የተናገሩትን ያሳያል፤ የአምስቱ እንጀራ ተአምር በዚህ ይገኛል። ዐሥረኛው እያንዳንዱ ወንጌላዊ ለብቻው የጻፈውን ያሳያል። በአድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ይህን ሰንጠረዥ በቀለም ባጌጡ ዓምዶችና ቅስቶች መካከል ይዞ ይገኛል። ዳግመኛም የአንድምታ መምህር ምስክር ሲጠራ ቃሉን ራሱን ጠርቶ «እንዲል» ይላል፤ ዳዊትን በቃሉ ያጠና ደቀ መዝሙር ስፍራውን ወዲያው ያውቀዋል።

ዛሬ ይህ ሥራ ለማስታወሻ መጻፊያ መሣሪያ ተሰጥቷል። መሣሪያው የመጽሐፉን አሕጽሮተ ስም፥ ምዕራፉንና ቍጥሩን ባየ ጊዜ ገጹን ከፍቶ ያሳያል። ነገር ግን የማንን ቍጥር እንደሚከተል ካልተነገረው ያስታል። ከግሪኩ የመጣው የግእዝ ዳዊት የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቈጥር፥ የእረኛው መዝሙር በግእዝ 22ኛ፥ በዕብራይስጥ 23ኛ ነው። እንግዲህ አንድ የላስታ ዲያቆን ልቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሊያጽናና «መዝ. 22» ብሎ ቢጽፍ፥ መሣሪያውም በዕብራይስጡ ቢቈጥር፥ በመጽናናት ፈንታ የስቅለት ዕለት የሚነበበው የመከራ መዝሙር ይከፈትለታል። ሁለቱም መዝሙሮች ያሉ ናቸውና መሣሪያው ስሕተት መሆኑን አያስታውቅም። ለ66 መጻሕፍት ብቻ የተሠራ መሣሪያም ሄኖክንና ኩፋሌን ከቶ አያገኝም።

ስለዚህ መሣሪያውን የሚያዘጋጅ ሰው 81ዱን መጻሕፍት ከየአሕጽሮታቸው ጋራ፥ የግእዙንና የአረቡን አኃዝ፥ የመዝሙሩንም ሁለት አቈጣጠር አስቀድሞ ሊያስገባለት ይገባል። የሚጽፈውም ሰው ከቍጥሩ አጠገብ የጥቅሱን መነሻ ቃል ያኑር፤ ቍጥሩ ቢስት ቃሉ ይመልሰዋልና።