ጆሮ የሌለው ባቡር

ጀርመን አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ቤት በእንግድነት ሄጄ፣ አንድ ቀን ምድር ቤቱን ከፍቶ አሳየኝ። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያው፣ ከነድልድዩ ትንንሽ ባቡሮች ተዘርግተዋል። «መጫወቻ» ስለው ቅር አለው። ለካ ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውንና ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ነገር ኖሯል። እኔ ፍኖተ ሰላምና ገበዝ ማርያም አካባቢ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በልጅነቴ የሠራሁት የሽቦ መኪና ነው። ባቡር በዓይኔ ያየሁት አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ ነበር።

ልጁ በዚያ ሰሞን ባቡሮቹን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል እየቀየራቸው ነበር። «ጋሼ፣ በድሮው አሠራር የምታዘው ሐዲዱን እንጂ ባቡሩን አይደለም» አለኝ። መቆጣጠሪያውን ሲያዞሩት ወደ ሐዲዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ እዚያ ላይ የቆመ ባቡር ሁሉ አብሮ ይሮጣል። ሲቀንሱት ሁሉም ያዘግማል። አንዱን ብቻ ለማስቆም የቆመበትን የሐዲድ ክፍል ለይቶ ኤሌክትሪክ መንሳት ግድ ነው። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ምንጊዜም ሙሉ ኤሌክትሪክ አለው፤ ትእዛዙም በዚያው ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ቁጥር አለው። «ሦስት ቁጥር፣ ቀስ በል» ሲባል ሦስት ቁጥር ብቻ ይሰማል፣ ሌላው መንገዱን ይቀጥላል።

«ታዲያ መቆጣጠሪያውን ለውጠህ አትገላገልም?» ብለው ሳቀብኝ። አንዱን አሮጌ ባቡር አንስቶ ሆዱን ከፈተው። ትእዛዙን የምትፈታ ጥፍር የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ውስጡ መግባት አለባት። ሞተሩም ከሐዲዱ በቀጥታ ኤሌክትሪክ መቀበሉን ማቆም አለበት፤ አለዚያ ሰሌዳዋ ትቃጠላለች። መቆጣጠሪያው በአንድ ቀን ተገዝቶ ይመጣል። ጆሮው ግን ለእያንዳንዱ ባቡር በየተራ፣ በትዕግሥት ይገጠማል።

አገሬ ስመለስ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የእኛስ እውነተኛው ባቡር እንዴት ነበር የተለወጠው?

ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። መጀመሪያ በእንፋሎት ሄደ፤ በ1940ዎቹ ናፍጣ መጣ። ያኔ ሞተሩ ቢለወጥም ሐዲዱ ያው ነው፣ የድሬዳዋው መጠገኛም ያው ነው። የእንፋሎቱን ማሽን ሲፈታ የኖረ ቤት የናፍጣውንም መፍታት ተማረ። ድሬዎች ድርጅቱን በፈረንሳይኛ ስሙ ሸመንደፈር ይሉታል፤ ለገሃርና ፉርጎም የዚያው ዘመን ቅርስ ናቸው። ቋንቋው ሳይቀር በሰው አፍ ውስጥ ተገጥሞ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ሌላ መልክ ነበረው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ሥራ አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ጀመረ። ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ 1.435 ሜትር፤ ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። አሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊቆም አይችልም። የአሮጌው ባቡር ሰው ሙያስ? እርሱም እንደ ሐዲዱ ጠቦ ቀረ። አዲሱን የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውንም ራሳቸው እየመሩ የእኛን ልጆች ሲያሠለጥኑ ቆይተው፣ ያስረከቡት በ2016 ዓ.ም. ነው። ወደ ስድስት ዓመት ገደማ! ብዙዎች ይህን እንደ መዘግየት ያዩታል። እኔ ግን ጆሮ ሲገጠም የነበረው በእነዚያ ዓመታት ነው እላለሁ፤ ሐዲዱ የተመረቀበት ቀን የሪባን ቀን ነው።

ይህ የእኛንም ሰፈር ይመለከታል። በ2000ዎቹ በወጣው የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልድያ የሚደርስ መስመር አለ። እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ ነው። «ሐዲዱ ምነው ቀረ?» ብለን እንጠይቃለን፣ ደግም እንጠይቃለን። ግን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያን ባቡር የሚፈታና የሚገጥም ልጅ ዛሬ የት እየተማረ ነው? ይህንንስ የሚጠይቅ አለ?

ሐዲዱ ባይመጣም ዲጂታሉ ቀድሞ ገብቷል። ቡሬ ያለች አክስቴ ልጇ ከከተማ የሚልክላት ገንዘብ በስልኳ ይደርሳታል። ቁጥር አላት፤ በስሟ የተጠራ፣ ለእርሷ ብቻ የመጣ ገንዘብ። መልእክቱ ሲመጣ ግን ስልኩን ለሱቁ ልጅ ትሰጠዋለች፤ የምሥጢር ቁጥሯንም በጆሮው ትነግረዋለች። ልጁ እግዜር ይስጠው፣ ታማኝ ነው። ያ ልጅ ሱቁን ዘግቶ አገር የለቀቀ ዕለትስ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ስደውልለት፣ «ጋሼ፣ አራት ባቡር ቀርቶኛል» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀምሮታል፤ አልቸኮለም። አንድም አላቃጠለም።