የግርሻ ታማሚን ለምን ይነስረዋል? ከጦጣ፣ ከአይጥና ከበግ የተገኘ ትምህርት



ከደሴም ከኮምቦልቻም በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ልጃችን ትኩሳት ይዞት አፍንጫውን ሲነስረው ሐኪም ቤት ወሰድነው። ግርሻ ነው ተብሎ መርፌ ከተወጋ በኋላ ግን ይባስ ብሎ ተንዘፈዘፈ። መድኃኒቱ ይሆን የጎዳው?» አንዳንድ ቤተሰብ በዚህ ፍርሃት ታማሚውን ከአልጋው አንስቶ ወደ ቤት ይወስደዋል። ይህ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን፣ ሐኪሞች ይህን በሽታ እንዴት እንደተረዱት ላጫውታችሁ። ታሪኩ ከግማሽ በላይ የአገራችን ነው።

ግርሻ ስሙ እንደሚነግረን ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት ነው። ለጥቂት ቀናት ያነዳል፣ ለቀቀ ሲባል ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በልብስ ቅማል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዋናው መተላለፊያ የቅማሉ ንክሻ አይደለም። ቅማሉ በጥፍር ሲጨፈለቅ ወይም ሲታከክ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በተጫረ ቆዳ በኩል ይገባል። እናቶች ሆይ፣ ቅማል በጥፍር መግደል ይቅር! ልብሱን በፈላ ውኃ መቀቀልና ስፌት ስፌቱን በካውያ መተኮስ ይሻላል።

ብርድ ባለበት፣ ልብስ ተደራርቦ በሚለበስበትና ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ሁሉ ይህ በሽታ አይጠፋም። የእኛ ወሎ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ሕዝብ በታጨቀባቸው መጠለያዎች ከረሃቡ ሌላ ተስቦና ግርሻም ሰውን ይጨርሱ ነበር። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ቁጥሩ ወደ 2 እና 5 ይወርዳል።

አሁን ወደ ነስሩ እንምጣ። በግርሻ የተያዘ ሰው አፍንጫው ይደማል፣ ቆዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል ደም ይቋጥራል። ሲከፋ አንጎል ውስጥ ይደማል። ሐኪሞችን ግራ ያጋባው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ደሙ የቀጠነው ከልክ በላይ ስለረጋ ይሆን? አባባሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ግን እስቲ የሚያፈስ ግድግዳ አስቡ። መድፈኛው ጭቃ ባላፈሰበት ቦታ ሁሉ ተለጥፎ ካለቀ፣ እውነተኛው ቀዳዳ ሲመጣ የሚደፈንበት ጭቃ አይኖርም። ደምም እንዲሁ ነው። ፀጉር በሚያክሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለ ቦታው ሲረጋ፣ ፕላትሌት የሚባሉት ቁስል የሚደፍኑ ቅንጣቶች ያልቃሉ፤ ከዚያ ሰውዬው መድማት ይጀምራል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይስሰን፣ ፒተር ፔሪንና ዴቪድ ዋረል የተባሉ ሐኪሞች ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በሽታ ከአልጋ አጠገብ ሆነው አጠኑ። በ1970 የ62 ታማሚዎችን፣ በ1971 ደግሞ በተለይ መድማትን በሚመለከት የ37 ታማሚዎችን ጥናት አሳተሙ። ዛሬም ድረስ ስለ ግርሻ የሚጽፍ ሰው የ1970ውን ጥናት ሳይጠቅስ አያልፍም። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለን ሰው ጉበትና አንጎል ከፍቶ ቀጫጭን ሥሮቹን መመልከት አይቻልም። ከሞተ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ደግሞ የታሪኩን መጨረሻ እንጂ አጀማመሩን አያሳይም። ስለዚህ በሽታውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከታተሉበት እንስሳ አስፈለገ።

ችግሩ ግን የእኛ ግርሻ ባክቴሪያ መራጭ መሆኑ ነው። የላቦራቶሪ አይጥ ላይ ቢሰጡት አይራባም። የሚኖረው ሰው ውስጥና ለሰው ቅርብ በሆኑ እንደ ጦጣ ባሉ እንስሳት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጀጅ፣ ላክሯና ፔሪን ጦጣን መረጡ። ሳይንሳዊ ስሟ እንኳ በዚያን ጊዜ «ኤቲዮፕስ» የሚል ነበረበት፤ በየጫካችን የምናያት፣ ማሳ የምታስቸግረን ያቺው ጦጣ ናት። በ1974 ሦስት ተከታታይ ጽሑፎች አወጡ፦ አንዱ በሽታው ጦጣዋ ላይ እንዴት እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው በውስጥ አካላቷ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ሦስተኛው ከመድኃኒት በኋላ የሚመጣውን መንዘፍዘፍ የሚመለከት። ጦጣ ታስራ ስትታመም ማየት ደስ አይልም፤ እኔም ሳነበው ከብዶኛል። በዚያ ዘመን ግን ሌላው አማራጭ ሰው ላይ እየሞከሩ መማር ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተኛ። ባክቴሪያውን ከሰው አካል ውጭ ማራባት እንኳ የተቻለው በ1994 ነው፤ ናሙናውም ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች የተወሰደ ነበር።

አይጦች ወደ ታሪኩ የገቡት በዘመድ በኩል ነው። በምዕራብ አፍሪካ በመዥገር የሚተላለፍ ቦሬሊያ ክሮሲዱሬ የሚባል የግርሻ ዘመድ አለ፤ እሱ አይጥን ይይዛል። ስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1999 እንዳሳዩት፣ ይህ ባክቴሪያ ቀይ የደም ሕዋሳትን በዙሪያው ይሰበስባል፤ ልክ እንደ አበባ ቅጠል ከበውት ይጣበቃሉ። ጥቅሉ በቀጫጭን የደም ሥሮች ማለፍ ሲያቅተው ይወተፋል። በ2003 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሌላ የግርሻ ዘመድ በአይጥ ሲጠና ባክቴሪያው ራሱ ፕላትሌት ላይ ተለጥፎ ተገኘ። የአይጦቹ ፕላትሌት ቀነሰ፣ ሲቆረጡም የደማቸው መቆሚያ ጊዜ ረዘመ።

ዘመድ ግን ዘመድ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። የእኛን ባክቴሪያ አይጥ ላይ ማራባት የተቻለው በ2009 ነው፤ ያውም የበሽታ መከላከያቸው በተፈጥሮ በጎደለ አይጦች ላይ ነው። በሽታውም ቀለል ያለ ነበር። ስለዚህ «አይጥ ላይ ታየ» ማለት «ልጄ ላይ እንዲሁ ነው» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። በየፌስቡኩ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» የሚል ስታዩ በምን እንስሳ ላይ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ትርፍ አለው።

ሁሉም ሲደመር የግርሻ መድማት አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። የተወተፉ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፣ የተመናመነ ፕላትሌት አለ፣ ጉበትም ሲጎዳ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በበቂ አያመርትም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ለዚህ በሽታ የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ «ረጋ» ብሎ ማቅጠን ችግሩን አይፈታውም። በዚሁ ምክንያት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ከሱቅ በተገዛ አስፕሪን አታስታግሱ። አስፕሪን ያሉትን ጥቂት ፕላትሌቶች ሥራ ያስፈታል።

መንዘፍዘፉስ? መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በብዛት ሲያጠፋ ሰውነታችን በድንገት የቁጣ ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ከመካከላቸው ቲኤንኤፍ የሚባለው ይገኝበታል። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ በ49 ታማሚዎች ያደረጉት ጥናት በ1996 ታትሟል። ከበግ የተዘጋጀ ቲኤንኤፍን የሚያከሽፍ መድኃኒት ከተሰጣቸው 20 ሰዎች 10ሩ ብቻ ሲንዘፈዘፉ፣ ካልተሰጣቸው 29 ውስጥ 26ቱ ተንዘፍዝፈዋል። መድኃኒቱ ወደ ዕለት ተዕለት ሕክምና አልገባም፤ ነገር ግን መንዘፍዘፉ የመድኃኒት መመረዝ ሳይሆን የሰውነት ምላሽ መሆኑን በግልጽ አሳይቶናል።

እንግዲህ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና ነስር ያለበት ሰው ካያችሁ፣ በተለይ ቅማል ካለ ወይም ብዙ ሰው አብሮ በሚያድርበት ቦታ ከኖረ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለወባ የሚደረገው የደም ምርመራ ይህንንም በአጉሊ መነጽር ሊያሳይ ይችላል። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ መንዘፍዘፉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ጭንቁ ሰዓት ይህ ስለሆነ ያን ቀን ከጤና ተቋም አትውጡ። ጉሉኮስ ሊያስፈልገው ይችላል። ሽንት ቤት ልሂድ ቢል እንኳ ብቻውን አታስነሱት፣ ድንገት ሲቆም ሊወድቅ ይችላልና፤ ነርሷን ጥሩ።