የላንቃ ክዳን

ጎንደር የተማርን ሐኪሞች አምፎቴሪሲን ቢን ያወቅነው በካላዛር ነው። ከመተማና ከሁመራ የቀን ሥራ ጣፊያቸው አብጦ የሚመጡትን ወጣቶች ማን ይረሳል? መድኃኒቱ ግን መጀመሪያ የመጣው ለፈንገስ ነበር፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቬንዙዌላ ውስጥ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ነው።

ከነዚህ ፈንገሶች ክፉው ሙኮርማይኮሲስ ነው። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ሲያገኝ በአፍንጫ ይገባና የደም ሥር እየዘጋ የላይኛውን መንጋጋ ያጠቁራል። ፓልታውፍ በ1885 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ በ2021 ደግሞ በኮቪድ ማግስት ሕንድ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይዟል። ደም ወደማይደርስበት ሥጋ መድኃኒትም አይደርስምና የሞተው አጥንት ተቆርጦ ይወጣል።

ዳነ እንበል። ላንቃው ግን የለም። የጠጣው ውኃ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ንግግሩ አይለይም፣ ማዕድ ላይ መቅረብ ያፍራል። እኛ ካርዱ ላይ «ተሽሎት ወጥቷል» ብለን እንጽፋለን።

ይህን ቀዳዳ መክደን ከማደንዘዣም ይቀድማል። ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅ ወይም የብር ሰሌዳ ጀርባ ላይ ስፖንጅ ያስር ነበር፤ ስፖንጁ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ሰሌዳውን ይይዛል። (ሽታውን እናንተው ገምቱት!) ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ በክንፍ የሚያዝ ክዳን አሳየ። የዛሬው ኦብቹሬተር ከአክሪሊክ ይሠራል፣ በቀሩት ጥርሶች ላይ በሽቦ ይያዛል።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። የአፉ ልክ የሚወሰደው ከኦፕሬሽኑ በፊት ነው፤ ያኔ የቀዶ ሐኪሙና የጥርስ ሐኪሙ የትኛው ጥርስ እንደሚተርፍ ይነጋገራሉ፣ የመጀመሪያው ክዳንም ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቁስሉ ለወራት ሲሸበሸብ ክዳኑ በየጊዜው ይስተካከላል፣ ቋሚው የሚሠራው በመጨረሻ ነው። ተወልጄ ላደግሁባት አዲ አርቃይ ይህ ማለት ሊማሊሞን ደጋግሞ መውጣትና መውረድ፣ ደጋግሞ የመኪና መክፈል ነው። ስንቱ ነው ሁለተኛ ቀጠሮውን የሚመጣው?

ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ነበር ወደ ገጠር የላከው። የመንጋጋ በሽተኛም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ቡድን ነው፤ የጥርስ ቴክኒሺያኑ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥበት። ሪፈር የምትጽፉ ጓደኞቼ፣ «ከኦፕሬሽን በፊት የአፍ ልክ ይወሰድ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩልኝ።