ከኩየራ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ሦስት ሙዚየም በአንድ ቀን

እኛ ኩየራ ያደግን ልጆች ሙዚየም የምናውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነበር። ያውም ጥቁርና ነጭ፣ ያውም ገጹ ተቀዶ ግማሹ የቀረ። ድንቅነሽን ፈተና ላይ ጽፈናታል እንጂ አይተናት አናውቅም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሻሸመኔ የመጣ ቅጥቅጥ ላይ ተሳፈርን። ረዳቱ «አዲስ አበባ ምን ልትሠሩ ነው?» አለን። «ሙዚየም ልናይ» አልነው። ሳቀብን። «ለአጥንት ብላችሁ ይሄን ሁሉ መንገድ?»

ይስቅ እንጂ! እሱ ራሱ በየቀኑ የሚመላለሰው በሙዚየም መካከል ነው። አርሲ ነገሌንና ላንጋኖን አልፋችሁ ዝዋይ (ባቱ) ስትደርሱ፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባል ከፍታ አለ። እዚያ ከባልጩት የተሠሩ ሹል የድንጋይ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ270,000 ዓመት ይበልጣል። መኪናው ዝዋይ የሚቆመው ግን ለዓሣ ጥብስ ነው። ስለ ገደሞታ ትንፍሽ ያለ የለም። እኛም ዓሣችንን በልተን ቀጠልን (ረሃብ ታሪክ አያውቅም)።

መጀመሪያ የሄድነው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 1974 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከሙሉ አጽም የተገኘው 40 በመቶ ያህል ነው፤ ለእይታ የቆመውም ቅጂው ነው እንጂ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ከመካከላችን አንዱ «ለቅጂ ነው እንዴ የመጣነው?» ብሎ አኮረፈ። ዋናዋ በ2007 አሜሪካ ሄዳ ለዓመታት ከቆየች በኋላ በ2013 መመለሷን ሲሰማ ግን «እንኳን ተመለሰች» አለ። በ2019 ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ተመልሶ ለዚሁ ሙዚየም ተሰጥቷል። መመለስ የሚለውን ቃል ያዙልን፤ ቀኑን ሙሉ ተከትሎናል።

ከዚያ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቱ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ ያለ አንድ ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ከማፍረስ ይልቅ ላዩ ላይ አንበሳ ማስቀመጥ የበለጠ ያናድዳል መሰለን።

ቤቱ ደም ያየ ቤት ነው። በታኅሣሥ 1960 በነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ፣ ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት እዚሁ ተረሸኑ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የንጉሥ መኝታ ቤት የነበረውን ዛሬ ተማሪ ያየዋል። የሕዝቦች ዕቃ የተደረደረው በብሔር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞት።

እዚያ ነው ነገር የመጣው። ከእንጨት የተፈለፈለ በርጩማ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ከመካከላችን ያኮረፈው ልጅ ቆሞ ቀረ። «ይቺ የአያቴ ናት» አለ። የአያቱ አልነበረችም፤ ትመስላለች እንጂ። የአያቱን በርጩማ እሱ ራሱ ነበር ለአላፊ ዕቃ ገዢ የሸጣት፤ ዋጋዋ ለአንድ ሳምንት የሞባይል ካርድ በቃው። አልሳቅንበትም። ምክንያቱም እያንዳንዳችን በልባችን የሸጥነውን መቁጠር ጀምረን ነበር።

በመጨረሻ እዚያው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል። ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ፤ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመለሰና አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ረቂቅ ሥዕሉን «አይገባንም፣ የፈረንጅ ነው» ብለው የነቀፉት ነበሩ። በደርግ ዘመን ተሰደደ። በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሲሞት 50 ዓመት አልሞላውም። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥም የጻፈው ሰው አገሩን ሳያይ ሞተ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ በ2008 ተመለሱ፤ ማዕከሉም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ሰውየው የቀረበትን መንገድ ሸራዎቹ ከ27 ዓመት በኋላ መጡበት።

እውነቱን እንናገር፤ ሥዕሎቹ ሁሉ አልገቡንም። ግን ቀዩ ቀለም ፊት ረጅም ጊዜ ቆምን። በርጩማዋን የሸጠው ልጅ ከሁላችንም በላይ ቆየ።

ማታ ስንመለስ ሻሸመኔ ሲቃረብ ጃማይካ ሰፈር ትዝ አለን። በ1948 ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት መሬት የሰፈሩት እነዚያ ሰዎች፣ መምጣታቸውን «መመለስ» ነው የሚሉት። ከመካከላቸው ራስ ኃይሉ ተፈሪ የደረቀ የሙዝ ቅጠል እየቆረጡ እየለጠፉ ሥዕል ሠርተዋል። እኛ ቅጠሉን የምናውቀው ለዳቦ መጋገሪያ ነው። ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ከቤታችን የታክሲ መንገድ ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ስድስት ኪሎ ድረስ ፈለግነው።

በማግስቱ አራታችንም የዚያን ልጅ አያት ቤት ሄድን። ስለ በርጩማዋ ይቅርታ ጠየቀ። እማማ ዝም አሉ። ከዚያ ከበር ኋላ ሲንቄያቸውን አነሱ። ሲዳሩ እናታቸው የሰጧቸው ናት። ሁለት ሰው ሲጣላ የአርሲ ሴት ይህችን ይዛ መሃል ከገባች ጠቡ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ሲያስረዱን በሞባይል ቀዳናቸው፤ 40 ደቂቃ። ሲጨርሱ «እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

እናንተ ቤት ከበር ኋላ ምን አለ? ዕቃ ገዢው ሳይቀድማችሁ ጠይቁ።