ከወርቃ እስከ ዲላ፤ የገጠር ሐኪም ቤትና የመንገዱ ነገር

ወርቃ በዓለም የቡና ገበያ ስሙ የታወቀ ስፍራ ነው። በጌደብ በኩል የሚለቀመው እሸት ቡና ታጥቦና ደርቆ ወደ ባሕር ማዶ በሚላክበት ጊዜ ከይርጋ ጨፌ ስም ጎን የወርቃም ስም ይጠራል። ቡናው ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ በጽኑ የታመመ ሰው ወደ ዲላ የሚወሰድበትም መንገድ ነው። ልዩነቱ ግን የደረቀ ቡና መንገድ እስኪጠገን መጋዘን ውስጥ ሊቆይ ሲችል፣ ከወሊድ በኋላ ብርቱ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ያላት መሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ዘመናዊ ሕክምና የተጀመረው ከመዲናይቱ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገባ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1902 ዓ.ም. ተቋቋመ። በደቡብ የገጠሩን ሕክምና በመጀመሪያ የያዙት በአብዛኛው ሚሲዮናውያን ነበሩ። ከዲላ በስተ ሰሜን በምትገኘው በይርጋ ዓለም ሆስፒታል የኖርዌይ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ለገጠር ጤና ጣቢያ የሚሆኑ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠበቅ ገጠሩን ለመድረስ የታሰበበት ይህ ዘዴ ከጊዜው የቀደመ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤን ለዓለም ያወጀው ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነውና።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን መድቦ ጤና ኬላን ከሕዝቡ ደጃፍ አደረሰ። በወጣው ደረጃ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል። ይህ ስሌት የሕዝብ ቁጥርን እንጂ ሰዓትን አይለካም። ጌዴኦ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር ክፍሎች አንዱ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በጥቂት ጋራዎች ላይ ይሞላል፤ በካርታ ላይም ሁሉም ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅሉበት ያ ገደላማ ምድር (በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ነው) በዝናብ ወራት ቀይ ጭቃ ይሆናል። ቃሬዛ የተሸከሙ ጎረቤታሞች አንዱን ቁልቁለት ወርደው ሌላውን ዳገት ሲወጡ፣ በካርታ ላይ በጣት የሚለካው ርቀት የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ቤቱ ከተደረሰ በኋላስ? ብዙ ጊዜ የሚወሳው የሐኪምና የመድኃኒት እጥረት ነው፤ መሣሪያውን ስለሚያሠራው የምሕንድስና ሥራ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚቀቀልበትን አውቶክሌቭ እንመልከት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እንፋሎቱን 121 ዲግሪ ለማድረስ በባሕር ጠለል የግፊት መለኪያው 1 ባር ያህል ማሳየት ይበቃዋል፤ በ2,000 ሜትር ግን 1.25 ባር ያህል ማሳየት አለበት። መሣሪያውን የተከለው ሰው በባሕር ጠለል የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ ተከትሎ ከሄደ፣ ሙቀቱ ከ117 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቀራል፤ መሣሪያውም ሳይጸዳ የጸዳ ይመስላል። ክትባትም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ቀድሞ በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ነዳጅ ያልቅበት፣ ክሩም ያጨስ ነበር፤ አሁን ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ዓይነት አለ። ውሃ በሌለበት የማዋለጃ ክፍል የሚሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም።

በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ከባዱን ሸክም ከተቀበሉት አንዱ የጌደብ አካባቢ ነበር። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና ጅምር ሕንጻዎች መጠለያ ሆኑ። ለጥቂት ሺህ ሰው የታሰበ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ የብዙ እጥፍ ሕዝብ መጣበት። መንገዱም ያው ነበር፤ የእርዳታ እህል፣ መድኃኒትና በሽተኛ ሁሉ በአንድ ጭቃ ላይ ይተላለፉ ነበር።

መንገድ መሥራት ግድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም በየወረዳው ብዙ ቀበሌዎችን አገናኝቷል። ሆኖም ቦይና ቱቦ በየዓመቱ ካልተጠረገ ጠጠሩ በሁለት ክረምት ታጥቦ ያልቃል፤ ጥገናም እንደ ምረቃ ሪባን አይቆረጥለትም። ስለዚህ በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል በ1968 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው ሥራ መሐንዲሶችም ሊያጤኑት የሚገባ ነው። ሆስፒታሉ መንገዱ እስኪሠራ አልጠበቀም፤ ወሊዳቸው አስጊ የሆነ እናቶች ቀናቸው ከመድረሱ በፊት መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ በግቢው ውስጥ አዘጋጀ። በኋላም የእናቶች ማቆያ ቤት በመላ አገሪቱ በጤና ጣቢያዎች ግቢ ተሠርቷል። የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ የማያፈስ ጣሪያ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ እንዲሁም አብራት የመጣችው ዘመድ ቆጮ የምትጋግርበት ማድቤት። የሕንጻ ንድፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚሰረዘው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ማድቤት ነው፤ ማድቤት በሌለበት ደግሞ ስንቋ ያለቀባት እናት ቀኗ ሳይደርስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።