ድመትና ሰው የተዋዋሉት የቈየ ውል

ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የተገኘች አንዲት የድመት ግልገል ወደ ቤት ስትገባ፥ «አይጧን እየያዘች ትደር» ተብላ ለራሷ መተዋ የቈየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፥ ዛሬ በከተማ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ምን እንደማይበቃ ለመረዳት፥ ድመት ከሰው ጋራ የኖረችበትን ታሪክ መመልከት ይገባናል።

ላምንና በግን ሰው ይዞ አላመዳቸው፤ ድመት ግን በገዛ እግሯ እንደ መጣች ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሰው እርሻ ጀምሮ እህሉን ባከማቸ ጊዜ አይጥ ወደ ጎተራው ተሰበሰበ፤ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች፤ ሰውም ጥቅሟን አይቶ አላባረራትም። የቤት ድመት ዘሯ የሚቈጠረው ከአፍሪቃ የዱር ድመት ሲሆን፥ ይህች አውሬ በአገራችንም ትገኛለች። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል በቈየ መቃብር ውስጥ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ተገልጿል። ደሴቲቱ የተፈጥሮ ድመት ያልነበራት ስለ ሆነች፥ ባሕር አሻግሮ ያመጣት ሰው መሆኑ የታወቀ ነው። በግብጽም ክብሯ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ ድመት የሞተችበት ቤተ ሰብ ሁሉ ቅንድቡን ይላጭ እንደ ነበር የግሪኩ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ ጽፏል።

እንግዲህ የጥንቱ ውል ይህ ነበር፤ ጎተራው የሰው፥ አይጡ የድመት። ዛሬ ግን በከተማ ቤታችን ጎተራ የለም፤ ዱቄቱም በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል። ስለዚህ ግልገሊቱ የምትኖረው በእጃችን ነው።

በመጀመሪያ፥ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለዩአት። በሁለተኛውና በሰባተኛው ሳምንት መካከል በእርጋታ የተዳሰሰች ግልገል ሰውን ሳትፈራ ታድጋለች። ወደ ቤት ስትመጣም ለጥቂት ቀን ጸጥ ባለ አንድ ክፍል፥ ሞቅ ያለ ጨርቅ ተነጥፎላት ትቈይ።

ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው። የላም ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያስይዛታል፤ ተቅማጥም ትንሿን ገላ ፈጥኖ ያደርቃታል፤ ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ይቅረብላት። ፍትፍት ብቻም አያኖራትም፤ ድመት ከሥጋ የሚገኝ ታውሪን የተባለ ነገር ያስፈልጋታልና። ይህ ነገር ሲጐድል ልቧ እንደሚታመም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1987 አስታውቀዋል። ከገበታችን የተረፈውን ወጥ መስጠት ግን ትልቅ አደጋ አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም የሚያበላሹ መርዞች ናቸው። ሥጋው ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ፥ አጥንቱ ወጥቶ፥ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣት።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። አሸዋ የተጨመረበት ዝቅ ያለ ሣጥን ከምግቧ ራቅ ብሎ ቢቀመጥላት፥ መቈፈርና መቅበር ጠባይዋ ስለ ሆነ ፈጥና ትለምዳለች። በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በአመድ ይጠቀሙ ነበር፤ አመዱ ግን በእግሯ እየተጣበቀ ቤቱን ሲያቈሽሽ፥ ኤድዋርድ ሎው የተባለ ነጋዴ በ1947 የደረቀ የሸክላ አፈር አቀረበ፤ ይህም ትልቅ ንግድ ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ነው፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፥ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ግልገሊቱ ሦስት ወር ሲሞላት ወደ እንስሳት ሐኪም ተወስዳ ትከተብ። ልጅ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ እንደ ሆነ፥ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ክቡራን አንባብያን፤ ድመት በውሉ መሠረት የአባቶቻችንን እህል ስትጠብቅ ኖራለች። ጎተራው ቢቀርም ዋጋዋን መክፈል የእኛ ፋንታ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ሥጋ፥ ንጹሕ ውሃና አንድ የመርፌ ክትባት ነው።