ከእርፍ እስከ ስክሪን፦ የሹፌር እጅ ታሪክ በፍኖተ ሰላም መንገድ

እስቲ ይህን አስቡት። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ከቡሬ ተነስቶ ወደ ፍኖተ ሰላም እያመራ ነው። ዝናቡ ያወርደዋል። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል። በመንገዱ ዳር ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አሉ፤ ከፊት ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪ ሊኖር ይችላል። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል የዝናብ መጥረጊያውን ያፈጥናል፣ አየሩን ወደ መስታወቱ ያዞራል፣ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር ይመልሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዴም ወደ ታች አላየም። እንዴት ቻልክ ብትሉት ምናልባት "እጄ ያውቀዋል" ይላችሁ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ሹፌር አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ አስቀምጡት። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ብቻ አለ። የአየሩ ማስተካከያ ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ መኪና ላይ የዝናብ መጥረጊያው ፍጥነት ሳይቀር እዚያው ገብቷል። ጽሑፉ በቻይንኛ ከሆነማ ጉዱ ፈላ! እጁ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዓይኑ መሥራት አለበት። ዓይኑ ደግሞ ለመንገዱ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ከዚህ እንዴት ደረስን? ታሪኩ ከመኪናም በፊት ይጀምራል።

መጀመሪያ እርፍ ነበር

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ሲያርስ እጁ የት እንዳለ ተመልክታችኋል? አንዱ እጁ ጅራፍ ይዟል፣ ሌላው እርፍ ላይ ነው። ዓይኑ ከበሬዎቹና ከፊቱ ካለው መሬት አይለይም። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ፣ አፈሩ ሲጠጥር ወይም ሲላላ ወሬውን የሚያደርስለት እርፉ ነው። እርፍ መሣሪያውን መምሪያ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ለገበሬው የሚናገርበት መንገድም ነው ማለት ይቻላል።

ሰውነታችን ሳናይ እጃችንና እግራችን የት እንዳለ የማወቅ ችሎታ አለው። ጡንቻና መገጣጠሚያዎቻችን ውስጥ ያሉ ነርቮች መረጃውን ያለማቋረጥ ወደ አንጎል ይልካሉ። በጨለማ ጉርሻ አፋችንን የማይስተው በዚህ ምክንያት ነው። ጣታችን ላይ ያለው የመዳሰስ ስሜት ሲጨመርበት፣ እጅ የለመደውን ነገር ያለ ዓይን እርዳታ ያገኘዋል። ጥሩ መቆጣጠሪያ ማለት ይህን ችሎታ የሚጠቀም ነው፤ ቦታው አይቀየርም፣ ቅርጹ ይለያል፣ ሲነካም "እሺ፣ ሰምቻለሁ" የሚል መልስ ለጣት ይሰጣል።

መኪና ሲመጣ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ የደረሱት በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣት ሲድሊ ከእነሱ አንዷ ናት። በዚያ ጊዜ መኪና መንዳት ማለት በየፋብሪካው የተለያየ ትምህርት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ሦስት ፔዳል ነበረው፤ ነገር ግን የግራው ማርሽ፣ የመሃሉ የኋላ ማርሽ፣ የቀኙ ፍሬን ነበር። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ፣ ከመሪው ሥር ባለች ዘንግ ነው። የዛሬ ሹፌር ቢቀመጥበት በአንድ ደቂቃ ውስጥ አደጋ ያደርስ ነበር። አሁን የምናውቀው የፍሪሲዮን፣ የፍሬንና የነዳጅ ፔዳል አሰላለፍ እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣ ካዲላክ ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ሁሉ ተለመደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡሬ ላይ መንዳት የተማረ ሰው ቶሮንቶ ሄዶ እግሩ የማይሳሳተው የመኪና ሠሪዎች እግራችንን በአንድ ቋንቋ ለማናገር ስለተስማሙ ነው።

በጎጃም የመኪና ታሪክ ውስጥ ግን መጀመሪያ ላይ መንገዱ ራሱ ፈተና ነበር። አጼ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ የዊንጌት ጦር ስንቅና ጥይቱን በዋናነት ያጓጓዘው በብዙ ሺህ ግመሎች ነው። ጣሊያኖች ቡሬን የለቀቁት በዚያው ዓመት የካቲት ማብቂያ ላይ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ግን መኪናው ቀረ፤ ከመኪናው ጋር ደግሞ ቃላቱ ቀሩ።

የጋራዥ ቋንቋ

ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ጆሯችሁን ስጡ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ... አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። "መኪና" የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው፤ መታጠፊያን የሚያሳይ ቀስት። ቃሉን ወርሰን ቀስቱን ረሳነው።

እነዚህ ቃላት መጽሐፍ አንብቦ የተማራቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ረዳቱ ከሹፌሩ፣ ተለማማጁ ከመካኒኩ እየሰማ፣ እየነካና እየፈታ ተማራቸው። ቃሉና ዕቃው አብረው እጅ ገቡ። ፍሪሲዮን ሲባል እግር የሚያውቀው ግፊት አለ፤ ማርሽ ሲባል መዳፍ የሚያውቀው እምቢታ አለ። ሁለቱን ከተሞች የሞላው ባጃጅም ያው ነው፤ ማርሹ የሚቀየረው የግራውን እጀታ በመጠምዘዝ ስለሆነ የባጃጅ ሹፌር አንጓው ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ይነግረዋል።

ስክሪኑ ግን እንዲህ ያለ ቃል ይዞ አልመጣም። "እዚያ ጋ ያለውን ነገር ንካው፣ ከዚያ ሌላ ገጽ ይመጣል፣ ከዚያ..." ነው የምንለው። ለእጅ ስም የሌለው ነገር ለእጅ አስቸጋሪ መሆኑ አይገርምም።

ስክሪን ወደ መኪና የገባበት መንገድ

በጣት የሚነካ ስክሪንን በሚገባ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ዓላማው የአውሮፕላን ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ማገዝ ነበር። ልብ በሉ፦ ተቆጣጣሪው ቁጭ ብሎ ስክሪኑን ማየት ሥራው ነው። ሹፌር ግን ስክሪን ማየት ሥራው አይደለም።

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 በዋለው ቢዊክ ሪቪየራ ላይ የሚነካ ስክሪን አስገባ። ደንበኞች ዓይናችንን ከመንገድ ወሰደብን ብለው ስላማረሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ አወጣው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞዴል ኤስን ባለ 17 ኢንች ስክሪን ይዞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ስማርት ስልክ ለምዶ ነበር፤ ሐሳቡ ተወደደ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይነኩ ጣትን በአየር ላይ በማዞር ብቻ ድምፅ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበትን መኪና አቀረበ። ሲያወሩ እጃቸውን የሚያወናጭፉ ሰዎች ምን ይዋጣቸው?

ፋብሪካዎች ስክሪን የወደዱበት ምክንያት አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ፕላስቲክ፣ ሽቦና ገጣሚ ይፈልጋል፤ አንድ ስክሪን ግን ሁሉንም ይተካል። በሶፍትዌር አዲስ ነገር ለመጨመርም ይመቻል። ካርታና የኋላ ካሜራ ለማየት ከስክሪን የተሻለ የለም፤ ይህን መካድ አይገባም። ችግሩ የመጣው በእንቅስቃሴ ላይ የሚፈለጉት መቆጣጠሪያዎችም አብረው ሲገቡ ነው።

ልኬቱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2022 ቪ ቢላጋረ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት አንድ ሙከራ አደረገ። ሹፌሮቹ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ አራት ተራ ሥራዎችን እንዲሠሩ ተደረገ፤ ለምሳሌ ሬዲዮ መቀየርና ሙቀት ማስተካከል። በቁልፍ የሚሠራው የ2005 ቮልቮ 10 ሰከንድ ወሰደ፤ በዚያ ጊዜ 306 ሜትር ተጓዘ። ከአዲሶቹ ባለ ስክሪን መኪናዎች የመጨረሻው 44.6 ሰከንድ ወሰደ፤ ወደ 1,370 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ይህን ወደ እኛ መንገድ እናምጣው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 16.7 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስክሪን ላይ ለሦስት ሰከንድ ያፈጠጠ ሹፌር 50 ሜትር ያህል ሳያይ ነድቷል። ከማንኩሳ ገበያ በሚመለሱ ሰዎች፣ በከብትና በጋሪ መካከል 50 ሜትር ብዙ ነው።

ጀርመን አገር አንድ የቴስላ ሹፌር በዝናብ የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ተጋጭቷል። የካርልስሩኸ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ስክሪኑን እንደ ስልክ ቆጥሮ ጥፋተኛ ነህ አለው። ከዚህ የከፋው ባሕር ላይ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አቅራቢያ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። መርማሪዎች መንስኤ ካሏቸው ነገሮች አንዱ መሪውና የፍጥነቱ ቁጥጥር በስክሪን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የተፈጠረው ውዥንብር ነበር። ባሕር ኃይሉ ከዚያ በኋላ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ እጀታ ለመመለስ ወሰነ።

የእኛ ነገር

መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና ኤሌክትሪክ ከውኃ ለሚያመርት አገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሚገቡት ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለቻይና ገበያ ስለተዘጋጁ ጽሑፋቸው ቻይንኛ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱብን። የኤሌክትሪክ ሞተርና ስክሪን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባትሪ ዳሽቦርዱ ላይ ቁልፍ እንዳይኖር አይከለክልም፤ በአንድ ዘመን ስለመጡ ብቻ አንድ መሰሉን። ስለዚህ "ስክሪኑን አልወደድኩትም" የሚል ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለም።

ዓለምም ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መዛኝ የሆነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለአደጋ ጊዜ መብራት፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለድንገተኛ ጥሪ በአካል የሚነካ መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና አምስት ኮከብ ማግኘት እንዲከብደው አድርጓል። ቮልስዋገንም ዋና ዋና ቁልፎችን እንደሚመልስ ተናግሯል። እኛ መኪና ባንነድፍም ገዢዎች ነን፤ ገዢ ደግሞ መጠየቅ ይችላል። የዓመት ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚያይ ሁሉ፣ ሲገባ "መጥረጊያው በምን ይሠራል? ጽሑፉን ሹፌሩ ያነበዋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ የሚከብድ አይመስለኝም።

እስከዚያው ግን መኪና ልትገዙ ከሆነ አንድ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። መጥረጊያውን፣ የመስታወቱን አየር፣ መብራቱንና ክላክሱን በእጃችሁ ፈልጉ። ካገኛችኋቸው ጥሩ። ካላገኛችኋቸው በሐምሌ ማታም አታገኟቸውም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከፊታችሁ መብራት የሌለው ጋሪ ሊኖር ይችላል።